የዓድዋን ሠራዊት በምሽት 40 ደቂቃ መቀባት ይቻላል? ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጠያቂው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ የሚኖር የሁለት ልጆች አባት ነው። ወንዱ 5 ዓመቱ፣ ሴቷ 2 ዓመቷ ነው። የዓድዋን ጦርነት በ28 ሚሊ ሜትር ሚኒያቸር (ቁመታቸው ያን ያህል በሆነ ትንንሽ የወታደር ምስሎች) ሊሠራ ተነሥቶ 11ኛው ወታደር ላይ ቆሟል። በጥቁር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ሽፋን) ላይ የቀባው ነጭ ሸማ ኖራ ኖራ ብሎበታል፤ ፊታቸው አመዳም ሆኗል፤ የብረት ጦሮቹ እየታጠፉ ቀለማቸው ይረግፋል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚያገኘው ጊዜ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ በየምሽቱ 40 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ የሚሠራውም ቤተሰቡ በሚመገብበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀለሙና ማጣበቂያው ለልጆቹ ያሰጋ እንደሆነም ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ከጻፍከው እንደሚታየው እጅህ ደህና ነው። ያስቸገረህ ሒሳቡና የፕራይመርህ ቀለም ነው። በሒሳቡ እንጀምር፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማልና።

በ28 ሚሊ ሜትር አንድ እግረኛ ከማጽዳት እስከ መቆሚያው ድረስ፣ በቡድን ሲሠራ፣ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አንድ በአንድ ከተሠራ ጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ቀለም ማዘጋጀትና ብሩሽ ማጠብ ለአንዱም ለአሥራ ሁለቱም ያው ነው። በ15 ሚሊ ሜትር 10 ደቂቃ፣ በ6 ሚሊ ሜትር 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። አንተ ደግሞ በሳምንት ያለህ 2 ሰዓት ነው። አሁን ወደ ዓድዋ እንምጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፈው 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነበር፤ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት እስከ 100,000 ይገመታል። አንዱ ምስል 200 ሰው ይወክል ብትል እንኳ ለኢትዮጵያ ወገን ብቻ 500 ምስል ያስፈልግሃል። ይህ በ28 ሚሊ ሜትር 250 ሰዓት ነው፤ በአንተ ምሽቶች ሲሰላ ከሁለት ዓመት በላይ፣ ያውም ጣሊያኑ ሳይቆጠር። እነዚያው 500 በ6 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ 17 ሰዓት አይሞሉም።

ስለዚህ መላው ጦር ሜዳ፣ ከነተራሮቹ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲታይህ ከፈለግክ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ውረድ። በዚያ መጠን ፊት የለም፣ ጥለትም የለም፤ ነጭ ሕዝብ ሲጎርፍ ግን ከየትኛውም መጠን አብልጦ ያሳያል። ፊትና ጥለት መቀባት ከወደድክ 28 ላይ ቆይና ከጦርነቱ አንድ ቁራጭ ውሰድ። የገዛኸው ሣጥን ስላለ ሁለተኛውን እመርጥልሃለሁ። የሚመቸውም ቁራጭ የአልበርቶኔ ብርጌድ ውጊያ ነው። ይህ ብርጌድ ከሌሎቹ የጣሊያን ብርጌዶች፣ ከአሪሞንዲ፣ ከዳቦርሚዳና ከኤሌና ተነጥሎ ወደ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ወደፊት አልፎ የገባው ነው፤ 4,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው የኤርትራ አስካሪ (ለጣሊያን የሚዋጋ ያገር ተወላጅ ወታደር)፣ 14 መድፍ ያለው። 72 ኢትዮጵያዊ፣ 24 አስካሪና አንድ የተራራ መድፍ ይህን ውጊያ በደንብ ያሳያሉ። 96 እግረኛ ማለት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆኖ 8 ዙር ነው። አንዱ ዙር 9 ምሽት፣ ማለትም 3 ሳምንት ይወስዳል። ድምሩ 24 ሳምንት፤ መድፉ፣ የልጆች ጉንፋንና የበዓል እንግዳ ሲጨመርበት 8 ወር በለው።

ከመቀጠልህ በፊት የያዝካቸውን ምስሎች አንዴ እያቸው። ለዓድዋ ተብሎ የተሠራ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሱዳን መሐዲስቶችን (የመሐዲ ተከታይ ተዋጊዎችን) ገዝቶ ይተካል። ራቁት ደረት ያለው ወይም ሸማ የመሰለ ጨርቅ ያጣፋው ሊያልፍ ይችላል። በአራት ማዕዘን ጨርቅ የተጣፈው የመሐዲስት ጅባ ግን በምንም ቀለም ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ ጣፋዎቹ ከፕላስቲኩ ጋር ተቀርጸዋልና ቀብተህ አትደብቃቸውም። ሌላው ስሕተት የጦርና የጋሻው ብዛት ነው። በ1888 ከሠራዊቱ አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው፤ ግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊ። ከ12 ምስል 8 ወይም 9 ጠመንጃ ይያዝ፤ ጦርና ጋሻ ለቀሩት ይበቃል። ይህ ለአንተ ጊዜም ይቆጥብልሃል፤ ጋሻ ከጠመንጃ ይልቅ ሥራ ይበላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ነጩ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ሲቀባ ከሥራው ግማሹ ነጭ ጨርቅ ነው፤ እሱ ከተሳካ ሌላው ቀላል ነው። ያንተ ነጭ ለምን ኖራ ኖራ እንዳለ ልንገርህ። ነጭ አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን ቀለም) ጥቁርን የመሸፈን ኃይሉ ደካማ ነው። በቀጭኑ ሲቀባ ከሥሩ ያለው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ቀቢው ትዕግሥቱ ያልቅና ያወፍረዋል፤ የወፈረው ሲደርቅ ይሻክራል፣ የጨርቁን እጥፋትም ይደፍናል። በዚያ ላይ በደረቅ ሳህን ላይ በመብራት ሥር 10 ደቂቃ የቆየ ቀለም መድረቅ ይጀምርና ፍርፋሪው በሸማው ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ከጥቁር አለመነሣት ነው። ፕራይመርህ ክሬም ወይም ፈካ ያለ አሸዋማ ግራጫ ይሁን።

በቫሌሆ ቀለሞች ልንገርህ፣ በቀላሉ ስለሚገኙ፤ ስሙ ከጠርሙስ ጠርሙስ ሊለያይ ስለሚችል ቁጥሩን ተከተል። ለሸማው መነሻው 70.884፣ ድንጋይ ግራጫ ነው፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ የተፈተለ ጥጥ ጥላው እንደሚሆነው ዓይነት። ይህን በመላው ልብስ ላይ አንድ ጊዜ ቀባ። ሲደርቅ 70.918፣ ክሬሙን፣ በውኃ አቅጥነህ ከእጥፋቱ ጉድጓድ በቀር በሁሉም ላይ፣ ሁለት ጊዜ ቀባ። የመጨረሻው ክሬምና ነጭ (70.951) እኩል ተደባልቆ ትከሻ ላይ፣ የእጥፋት ጫፍ ላይና በክንድ ላይ በተጣለው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ብቻ ይሂድ። በሸማው ላይ ንጹሕ ነጭ ብቻውን የትም አትቀባ። ሳምንታት በእግሩ የተጓዘ ሰው ሸማ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለሰ ሰው አይነጣም። ከ12ቱ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ግራጫው ላይ አቁምና ክሬሙን ጫፉ ላይ ብቻ አስነካ፤ ያደፈ ሸማ ይሆናሉ፣ ሌሎቹንም ያደምቃሉ።

ብሩሽህ ላይ ያለው ቀለም እንደ ወተት ይፍሰስ። በጥፍርህ ላይ ሞክረው፤ የጥፍርህን መልክ በጥቂቱ ካሳየ ልክ ነው፣ ከወረደ ውኃው በዝቷል፣ የብሩሽ ጭረት ከተወ አንሷል። ቁጥር 2 ብሩሽ ለጨርቁ፣ ቁጥር 1 ለቀረው ይበቃል። ሦስት ዜሮ የተጻፈባቸውን ቀጫጭን ብሩሾች ተዋቸው፤ ቀለሙ ምስሉ ጋ ሳይደርስ ጫፋቸው ላይ ይደርቃል። ወሳኙ ውፍረቱ ሳይሆን የጫፉ ሹልነት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። አስካሪዎቹም ነጭ ነው የለበሱት። በአንድ ዓይነት ነጭ ከቀባሃቸው ከአንድ ሜትር ርቀት ሁለቱ ወገኖች ይደባለቃሉ። መለያው ጥላው ነው፤ የሸማው ጥላ ሞቃት፣ ወደ ቡናማ፤ የአስካሪው ጥላ ቀዝቃዛ ግራጫ። ለአስካሪው መነሻው 70.990 ይሁን፣ በላዩ ነጩን ሁለት ቀጭን ጊዜ። ከዚያ ቀይ ታርቡሹ (ዘርፍ ያለው ቆቡ) ሥራውን ይሠራል። የታርቡሹ ዘርፍና የወገቡ መቀነት ቀለም ሻለቃውን የሚለይ ነበር፤ ስለዚህ 24ቱን አንድ ሻለቃ አድርገህ ሁሉንም በአንድ ቀለም ቀባ፣ አታዥጎርጉር። ነጭ ጣሊያኖችን ብትጨምር ልብሳቸው ወደ ካኪ ያደላል፤ የሐሩር ቆብ ያደርጋሉ፤ ላባው ቤርሳልየሪ የተባሉት እግረኞች ነው። የያዙት ጠመንጃ ቬተርሊ ነው፤ አዲሱ ካርካኖ በ1891 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቢታወጅም ዓድዋ ላይ በእጃቸው የነበረው አሮጌው ነበር።

ቀጥሎ ፊት። አመዳም የሆነው ለማፍካት ነጭ ስለጨመርክበት ነው። ቡናማ ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ሙቀቱን ያጣል፣ ሰማያዊ ግራጫ ያወጣል፤ ሕያው ቆዳ ግን ሲፈካ ወደ ቀይና ብርቱካናማ ይሄዳል። የአፍሪካ ቆዳ ተብሎ በአንድ ጠርሙስ የሚሸጠውንም አትመነው፤ ሁሉንም ሰው አንድ መልክ ይሰጣቸዋል። ለመነሻ 70.846 ቀይ ቡናማ ሁለት እጅና 70.822 ጥቁር ቡናማ አንድ እጅ ደባልቅ። ለማፍካት 70.846 እና 70.981 ብርቱካናማ ቡናማ እኩል አድርገህ ግንባር፣ ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የእጅ አንጓና ጉልበት ላይ አስነካ። ለሹማምንቱና ከፊት ለሚቆሙት 70.804 አንዲት ጠብታ ጨምረህ የአፍንጫ ጫፍና ጉንጭ ላይ ነጥብ ብቻ። ከዚያ የመነሻውን ልክ ቀይር፦ አራቱን እንዳለ፣ አራቱን ጥቁር ቡናማው በዝቶ፣ አራቱን ቀይ ቡናማው ብቻውን። ከሸዋ እስከ ወሎ፣ ከጎጃም እስከ ትግራይ የመጣ ሠራዊት አንድ ዓይነት ፊት አልነበረውም፤ ጠረጴዛው ላይም ይህ ልዩነት ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ ይታያል። መዳፍና የእግር ተረከዝ ፈካ ይላሉ፣ አትርሳቸው። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ጫማ ተቀርጾባቸው የመጡ ምስሎች ካሉ የጫማውን ጠርዝ በምላጭ ፋቅና ቆዳ አድርገው። ፈረሰኛ ከገዛህ እርካቡን የሚይዘው አውራ ጣት ነው፤ ቦት ጫማውን በእርካብ የሰካ ፈረሰኛ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ዓይን አትቀባ። በ28 ሚሊ ሜትር ከተሰለፈ ሠራዊት መካከል ዓይኑ የሚታይ የለም፤ ለ12 ሰው 24 ነጥብ ማለት ደግሞ አንድ ሙሉ ምሽት ነው። ከቅንድብ ሥር የጥቁር ቡናማ መስመር ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ ልብሱ መጀመሪያ፣ ቆዳው በኋላ ይሁን። ከውስጥ ወደ ውጭ ቀባ የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለህ፤ ለሌላ ሠራዊት ደህና ምክር ነው፣ ለዚህ ግን አይሠራም። ቡናማ ቀለም ነጭን በአንድ ጊዜ ይሸፍናል፤ ነጭ ግን ቡናማን ለመሸፈን ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ክሬሙ ወደ ፊትና ወደ እጅ ቢፈስ ግድ የለም፤ ቡናማው ወደ ክሬሙ ከፈሰሰ ግን ቅጣት ነው። ልብሱና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር መጨረሻ ላይ ዋሽ በሚባለው ቀጭን ቡናማ የጥላ ቀለም፣ በብሩሽ ጫፍ፣ በመስመሩ ብቻ አስምር። ዋሹን በመላው ሸማ ላይ አታፍስስ፤ ሲደርቅ ኩሬ ኩሬ ሆኖ የቡና እድፍ ይተዋል።

ጥለቱ አስፈሪ ይመስላል እንጂ ዘዴ አለው። ቀዩን (70.957) ከሚፈለገው ወፍራም አድርገህ አስምር፤ ከዚያ ክሬሙን ይዘህ ከላይና ከታች እየበላህ አቅጥነው። ቀጭን መስመር መሳል ያስቸግራል፣ ወፍራሙን መቁረጥ ግን ማንም ይችላል። በሸማው መካከል የሚያልፈው ሰፊ ቀይ የጃኖ ነው፤ ጃኖ ደግሞ የማዕረግ ልብስ ነውና ከ12 ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ስጥ። ለሁሉም ከሰጠህ ሁሉም ባለሥልጣን ሆነው ያርፋሉ። ለምድና የአንበሳ ጎፈርም እንዲሁ፤ ለአለቃው ይብቃ። ለጎፈሩ ወርቃማ ቡናማ ቀብተህ ጥቁር ቡናማ ዋሽ አፍስስበትና ሲደርቅ ቀለሙ በጨርቅ በተጠረገ ደረቅ ብሩሽ በክሬም አስነካው፤ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ዝናሩ፣ የጎራዴው አፎትና የጠመንጃው ሰደፍ ሦስት ዓይነት ቡናማ ይሁኑ፤ አንድ ቡናማ ሲሆኑ ወገቡ ላይ ጭቃ የተለጠፈ ይመስላል።

ሰንደቁን በተመለከተ፦ ብዙ ሰው አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን አራት ማዕዘን ባንዲራ ያቆማል። በአንድ ጨርቅ የተሰፋው ባለ ሦስት ቀለም ሰንደቅ የመጣው ከዓድዋ በኋላ፣ በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ለዓድዋ የሚስማማው ለየብቻ የተቆረጡ ባለ አንድ ቀለም ሦስት ማዕዘን ጨርቆች በአንድ ዘንግ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲሰቀሉ ነው። ይህም ላንተ ቀላል ነው፤ ወረቀት ቆርጠህ በውኃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ አርሰህ ዘንጉ ላይ ጠቅልለው፣ ሳይደርቅ በጣትህ አወዛውዘው።

የሚታጠፉት ጦሮች ጉዳይ። ለስላሳው ብረት በታጠፈ ቁጥር በላዩ ያለው ቀለም ይሰነጠቃልና የትኛውም ቫርኒሽ አያድነውም። ቁረጣቸውና ተካቸው። ብዙ ቀቢ በብረት ሽቦ ይተካል፤ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ግን 0.8 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ መርፌ ማለት ነው። ከመጥረጊያ የተቆረጠ ጠንካራ የፕላስቲክ ፀጉር ውሰድ፤ ይታጠፍና ይመለሳል፣ አይወጋም። ጫፉን በፒንሳ ጨፍልቀህ በምላጭ ቅረጸው፣ እጁን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሳና በሱፐር ግሉ አስገባው። ፕራይመር ከመቀባትህ በፊት ሁሉንም ምስል ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠብ፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ቅባት ካልለቀቀ ቀለሙ ከጠመንጃ ጫፍና ከክርን ይረግፋል።

ስለ ፕራይመሩ፦ የሚረጨው ቆርቆሮ ፈጣን ነው፤ ግን ደጅ መውጣት ይፈልጋል፣ የሊድስ እርጥበት ደግሞ ጠላቱ ነው። በእርጥብ ቀን የተረጨ ፕራይመር ዱቄት ይሆናል። በረንዳ ወይም ጓሮ ካለህና ቀኑ ደረቅ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በአጫጭር ርጭት፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ሆነው። ካልሆነ በብሩሽ የሚቀባውን የአክሪሊክ ፕራይመር ግዛ፤ ሽታው ትንሽ ነው፣ 12 ምስል በ30 ደቂቃ ያልቃል። ለ24 ሰዓት ተወው። በጥሩ ብሩሽህ ግን አትቀባው፣ ጫፉን ያበላሻል፤ ርካሽ የናይለን ብሩሽ ይበቃዋል።

አሁን ስለ 40ው ደቂቃ። ጊዜህን የሚበላው መዘርጋትና መሰብሰቡ ነው። 15 ደቂቃ ለመዘርጋት፣ 10 ለመሰብሰብ ከሄደ የቀረህ 15 ነው። ስለዚህ ሁሉም ዕቃ ክዳን ባለው አንድ ሣጥን ውስጥ ይኑር፦ መብራቱ፣ የውኃ ብርጭቆው፣ ለዚያ ዙር የሚያስፈልጉት 8 ወይም 9 ጠርሙሶች፣ ምስሎቹ። የቀሩትን ቀለሞች አታውጣቸው። ሦስት ሦስት ምስል በአንድ አይስክሬም እንጨት ላይ በትንሽ ኮላ አጣብቅ፤ 12ቱ አራት እንጨት ሆኑ፣ አንዱን ስታነሣ ሦስቱን ይዘሃል። ከሁሉ በላይ ቀለም የምትደባልቅበት፣ የማያደርቅ እርጥብ ሰሌዳ ሥራ፦ ጠፍጣፋ ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ፣ በውስጡ የወጥ ቤት ስፖንጅ ወይም አራት እጥፍ ሶፍት በውኃ ርሶ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት። የደባለቅከው ክሬም ክዳኑ ተከድኖ እስከ ቀጣዩ ምሽት ይቆይሃል፤ ልጅ ቢያለቅስ ክዳኑን ገጭ አድርገህ ትሄዳለህ። ውኃውን በየሦስት አራት ቀኑ ለውጥ፣ አለዚያ ይሸታል።

ዘጠኙ ምሽቶች እንዲህ ይከፈላሉ፦ አንደኛው መጋጠሚያ መስመሮችን በምላጭ ጀርባ መፋቅና ማጠብ፣ ሁለተኛው ፕራይመር፣ ሦስተኛው ድንጋይ ግራጫና የመጀመሪያው ክሬም፣ አራተኛው ሁለተኛው ክሬምና ጫፉ፣ አምስተኛው ቆዳ፣ ስድስተኛው ፀጉር፣ ዝናርና ጠመንጃ፣ ሰባተኛው ጥለትና ጋሻ፣ ስምንተኛው ዋሽና እርማት፣ ዘጠነኛው መቆሚያና ቫርኒሽ። የምሽቱ ሥራ ሳያልቅ 40 ደቂቃው ቢያልቅ ተወው፤ በድካም ዓይን የተቀባ ጥለት ነገ ሌላ ምሽት ያስከፍልሃል። 15 ደቂቃ ብቻ ባገኘህ ቀን ቀለም አትክፈት፣ መፋቅ ወይም መቆሚያ ላይ አሸዋ መለጠፍ ሥራ። መብራትህ 5,000 እስከ 6,500 ኬልቪን የሆነ ኤልኢዲ ይሁን። በቢጫ አምፖል ክሬምና ነጭ አንድ ይመስሉሃል፤ ጠዋት ግን ልዩነቱ ያስደነግጣል።

የልጆቹ ነገር በቁም ነገር የሚታይ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚፈራው የማያስፈራውን ነው። በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብበህ፣ ብሩሽ በአፍህ ሳታሾል፣ በመመገቢያ ብርጭቆ ሳታጥብ ከሠራህ ችግሩ ትንሽ ነው። ፍራ የምልህ ሌሎቹን ነው። አንዳንዱ ቀቢ ከመቆሚያ ሥር ማግኔት ይለጥፋል፤ ሁለት ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔቶች በሕፃን ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ መካከል ተሳስበው አንጀት ይበሳሉ፤ ተውጦ ከተጠረጠረ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ለመቆሚያ እንደ ወረቀት በሉህ የሚሸጠውን ማግኔት ብቻ ተጠቀም። ከብረት የተሠሩ ምስሎች፣ በተለይ አሮጌዎቹ፣ እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል የ2 ዓመቷ አፏ ውስጥ አትክተታቸው፤ ስትሞርድ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ አንሣ እንጂ አትጥረግ፣ እጅህንም ታጠብ። የምስል ፋይል ገዝቶ ቤት ውስጥ በ3ዲ ማተሚያ በሬዚን (በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ማተም የሚማርክ ቢሆንም ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳን ያስቆጣል፣ ጓንትና የአየር መውጫ ያለው የተለየ ክፍል ይፈልጋል፤ ጠረጴዛው የምግብ ከሆነ አታስበው። ምላጩና ሱፐር ግሉ በሚቆለፍ ሣጥን። እርጥብ ምስሎች ፍሪጅ አናት ላይ ይደሩ።

ትልቁ ልጅ ግን መሥራት ይችላል። መቆሚያ ላይ ኮላ ቀብቶ አሸዋ መነስነስ የ5 ዓመት ልጅ ከአባቱ ይልቅ የሚሳካለት ሥራ ነው፤ ተራራውንም በወፍራም ደረቅ ብሩሽ ይቀባል። የተቀቡትን አትስጠው፣ ለእሱ የተለዩ አምስት የፕላስቲክ ወታደሮች ስጠው። ከባለቤትህ ጋር ደግሞ ምሽቶቹን አስቀድመህ ቁረጥ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ብሎ መስማማት "ዛሬ ጊዜ ካገኘሁ" ከሚለው ይሻላል፣ እሷም የራሷን ምሽቶች ታውቃለች። አዲሱን ሣጥን አሮጌው ዙር ሳያልቅ አለመግዛት ከቀለም ሁሉ በላይ የቤት ሰላም ይጠብቃል።

መቆሚያው 60 በ60 ሚሊ ሜትር፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ይሁን፤ 6 ሰው በአንዱ ላይ። ሰልፍ አታስይዛቸው፣ አንዱ ቀደም አንዱ ወደኋላ ይበሉ፤ ስድስቱ ስምንት ይመስላሉ። መሬቱ የየካቲት ነው፤ ቀይ ቡናማና ግራጫ ድንጋይ፣ የደረቀ ቢጫ ሣር። ለአውሮፓ ሜዳ የሚሸጠውን አረንጓዴ ሣር አትለጥፍ። ለድንጋዩ የተሰባበረ ቡሽ ጥሩ ነው፤ በአራት መቆሚያ አንድ ቁልቋል ይበቃል። ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀው ለጥንካሬ፣ ሲደርቅ ደብዛዛው። ደብዛዛውን ጠርሙስ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነቅንቀው፤ ማደብዘዣው ዱቄት ከታች ተቀምጦ ከቀረ በሸማው ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ጉሙ ከታየ አትደንግጥ፣ የሚያብረቀርቀውን መልሰህ በላዩ ቀባ፣ ይጠፋል፣ ከዚያ እንደገና ደብዛዛውን በቀጭኑ።

የጀመርካቸውን 11ዱን አትፋቃቸው፤ ቀለም ማስለቀቁ ሁለት ምሽት ይበላል፣ ፕላስቲኩንም በተሳሳተ ፈሳሽ ታቀልጠዋለህ። በወፍራም ደረቅ ብሩሽ 70.884ን ከላይ ወደታች ደጋግመህ አስነካቸው፣ በትከሻና በራስ ላይ ክሬሙን ጨምር፣ ፊታቸውን በአዲሱ ልክ ድገመው። እጥፋታቸው የጠቆረ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመቆሚያው የኋላ ረድፍ ላይ፣ ከአዲሶቹ ትከሻ ጀርባ አቁማቸው። 12ኛውን በአዲሱ ፕራይመር ጀምር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን በቀን ብርሃን እያቸውና የክሬሙን ልክ ከዚያ አስተካክል።